ቶና እና ናዋል በኦሃካ የእንጨት ቅርጾች

በደቡብ ሜክሲኮ፣ በኦሃካ ግዛት፣ በሳፖቴክ ሕዝብ ዘንድ ሰው ብቻውን አይወለድም። እስኪሞት ድረስ ዕጣው ከእሱ ጋር የተሳሰረ እንስሳ አለው፤ ቶና ይባላል። በጥንቱ ልማድ ሕፃን ሲወለድ በቤቱ ዙሪያ አመድ ይነሰነሳል፤ ሲነጋ አመዱ ላይ የማን ዱካ እንዳለ ታይቶ የልጁ ቶና ይታወቃል። ቶናው ሲቆስል ሰውየውም ይታመማል።

ናዋል ሌላ ነው። ናዋል ራሱን ወደ እንስሳ መለወጥ የሚችል ሰው ነው፤ ኃይሉ ስላለው ይከበራል፣ በጥንቆላ ስለሚጠረጠርም ይፈራል። ቶና ለሁሉም የተሰጠ ነው፤ ናዋልነት ግን የጥቂቶች ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያይ ሰው ቅርጾቹን በትክክል አያነባቸውም።

እምነቱ ጥንታዊ ቢሆንም በቀለም ያሸበረቀው የእንጨት ቅርጽ የቅርብ ጊዜ ሙያ ነው። ጀማሪው የአራሶላ መንደሩ ማኑኤል ሂሜኔስ (እ.ኤ.አ. 1919–2005) እንደሆነ ይነገራል። በሌላው የኦሃካ መንደር፣ በሳን ማርቲን ቲልካሄቴ፣ ኢሲዶሮ ክሩስ ተከተለ። ቅርጾቹ ዛሬ የሚጠሩበት «አሌብሪሄ» የሚለው ስም ግን የኦሃካ አይደለም፤ የሜክሲኮ ሲቲው ፔድሮ ሊናሬስ እ.ኤ.አ. በ1936 በጠና ታሞ በሕልሙ ላያቸውና ከወረቀት ለሠራቸው ጉድ ፍጥረታት የሰጠው ነው።

እንጨቱ ኮፓል ነው። ከእኛ የዕጣንና የከርቤ ዛፎች ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ሲሆን ሙጫውም ይታጠናል። ገና እርጥብ ሳለ በቆንጨራ ይጠረባል፣ በቢላ ይቀረጻል፤ ከዚያ እንደ መጠኑ ለሳምንታት ወይም ለወራት ይደርቃል። ሲደርቅ የሚሰነጠቀው ተደፍኖ ይለሰልሳልና ይቀባል። አብዛኛው ቀለም የፋብሪካ ነው። በተፈጥሮ ቀለም የሚሠሩት ቀዩን የሚያገኙት ቁልቋል ላይ ከሚኖር ኮቺኒል ከተባለ ነፍሳት ነው፤ ትግራይ ገብቶ በለሱን የጎዳው ያው ነፍሳት ነው። ሎሚ ሲጨመርበት ወደ ብርቱካንማ ይሄዳል፤ ኖራ ሲነካው ሐምራዊ ይሆናል።

በቲልካሄቴ የሃኮቦና የማሪያ አንሄሌስ ወርክሾፕ ሥራውን ከ260 ቀኑ የሳፖቴክ ዘመን መቁጠሪያ እንስሳት ጋር ያያይዛል። እንደ እኔ ዕይታ ከሁሉም የሚልቁት የናዋል ቅርጾች ናቸው፤ ለውጡ ገና አላለቀም። ጭንቅላቱ የኮዮቴ (ተኩላ መሰል የዱር እንስሳ)፣ እጁ የሰው፤ ወይም ከጃጓር ጀርባ የሰው ፊት ብቅ ይላል። ጠራቢው ከአንድ ግንድ አውጥቷቸዋልና ሰውየው የት እንዳበቃ፣ እንስሳው ከየት እንደጀመረ መጋጠሚያው አይገኝም።