ሳውንድ ኢፌክት ምንድን ነው? በሬዲዮ ሰው የሚገደለው በጥቅል ጎመን ነው

የሰው አንገት ሲቆረጥ ምን ዓይነት ድምፅ ይሰማል? እግዚአብሔር ይመስገን፣ አብዛኞቻችን አናውቅም። በሬዲዮ ድራማ ስንሰማው ግን ያለ ጥያቄ እናምናለን። ያ ያመንነው ድምፅ ምናልባት የጥቅል ጎመን ነው።

ሳውንድ ኢፌክት ማለት ከንግግርና ከሙዚቃ ውጪ ታሪኩን የሚነግረን ድምፅ ነው። የበር ሲጥ ማለት፣ ኮቴ፣ ነጎድጓድ፣ ተኩስ። ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ተፈልጎ ይገባል። የአሜሪካ ሬዲዮ ወርቃማ ዘመን በሚባለው ጊዜ፣ ማለትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1920ዎቹ እስከ 1950ዎቹ፣ ነገሩ በአብዛኛው የእጅ ሥራ ነበር። እንደ ኤንቢሲና ሲቢኤስ ያሉት ትልልቅ ጣቢያዎች ለረጅም ዓመታት ድራማ የሚያስተላልፉት በቀጥታ ነበር። በሰዓት ልዩነት ምክንያትም አንዳንዱ ድራማ ለምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ከቀረበ በኋላ ለምዕራቡ እንደ አዲስ ይሠራ ነበር። ሟቹ በአንድ ምሽት ሁለቴ ይሞታል ማለት ነው።

በ1934 ቺካጎ ውስጥ የጀመረው «ላይትስ አውት» የተባለ አስፈሪ የሬዲዮ ድራማ በዚህ ጥበብ ስሙ የገነነ ነው። አንገት ሲቆረጥ ጎመን ይሰነጠቃል። አጥንት ሲሰበር የሥጋ ቤት ጎድን ቀጭ ይደረጋል። በኤሌክትሪክ ወንበር የሚገደል ሰው ካለ ደግሞ የአሳማ ሥጋ ማይክሮፎን አጠገብ ይጠበሳል። አድማጩ ቤቱ ሆኖ በፍርሃት ይርዳል፤ ስቱዲዮው የምግብ ቤት ጓዳ መስሏል።

ቀልዱም የሚወጣው ከዚሁ ዕቃ ነው። «ፊበር ማክጊ ኤንድ ሞሊ» በሚባለው የኮሜዲ ዝግጅት ከ1940 ጀምሮ አንድ ቁም ሣጥን ዝነኛ ሆነ። ሰውዬው በሩን ከፈተ ማለት ያጨቀው ኮተት ሁሉ እየተንኳኳ ይወርድበታል። መጨረሻ ላይ ትንሽ ደወል ቃጭል ትላለች። አንድም ቃል ሳይነገር አገር ይስቃል።

ለሚያስቅ የግድያ ምስጢር ድራማ ከሬዲዮ የተሻለ ቤት ያለ አይመስለኝም። አድማጩ አያይማ! «ዱብ» የሚል ድምፅ ሲሰማ የወደቀው ሬሳ ይሁን የድንች ከረጢት፣ ደራሲው እስኪነግረው ድረስ በጭንቀት ይጠብቃል። በሚያስደነግጠውና በሚያስቀው መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ የአንድ ሰከንድ ዝምታ ብቻ ነው።

ጣጣው ሽጉጡ ነው። ባዶ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ አንዳንዴ እምቢ ይላል፣ ስርጭቱ ደግሞ አይቆምም። በሙያው ሰዎች ዘንድ እንደ ቀልድ የሚወራ አለ። ገዳዩ «እገድልሃለሁ!» አለ፤ ሽጉጡ ጭጭ። ቢጨንቀው «ጥይት አላባክንብህም፣ በቢላ ነው የምወጋህ!» ብሎ ጮኸ። ይሄኔ ሽጉጡ ጧ!

ለዚህ ነው ጠንቃቃው የድምፅ ባለሙያ ሁለተኛ ሽጉጥ የሚያዘጋጀው። እሱም ካስቸገረ የቆዳ ትራስ በዱላ ማጮል ነው።