ዝግ ተፋሰስ ምንድን ነው? አዋሽ ባሕር ሳያይ የሚቀርበት ምድር

ትምህርት ቤት ስለ አዋሽ ከተማርነው ሁሉ የማይረሳው አንድ ነገር ነው፤ ከኢትዮጵያ አይወጣም። ዓባይ ሱዳንን አልፎ ግብፅ ይደርሳል። ዋቢ ሸበሌ ወደ ሶማሊያ ይወርዳል። አዋሽ ግን ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና ጂቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። ከዚያ እስከ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚቀረው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ እዚህ ጋ መቅረቱ ሁሌም ይገርመኛል።

ተፋሰስ ማለት የዘነበው ውኃ ወደ አንድ ወንዝ ወይም ሐይቅ የሚሰበሰብበት መሬት ነው። አብዛኛው መጨረሻው ውቅያኖስ ነው። ዝግ የሚባለው መውጫ የሌለው ነው። ውኃው ዝቅ ያለ ቦታ ፈልጎ ይተኛል። ከዚያ ወይ ይተናል፣ ወይ መሬት ውስጥ ይሰርጋል።

አፋር ላይ መሬቱን ያጎደጎደው ስምጥ ሸለቆው ነው። እዚህ የምድር ቅርፊት በሦስት አቅጣጫ ይሳባል። ሲሳብ ይሳሳል፣ ሲሳሳ ይሰምጣል። ነገሩ ገና አላለቀም። በ1978 እ.ኤ.አ. ጂቡቲ ውስጥ አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። በ2005 ደግሞ በእኛ በኩል ዳባሁ እሳተ ገሞራ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተሰነጠቀ። ድንበሩ ካርታ ላይ ነው እንጂ ከሥር ያለው መሬት አንድ ነው።

መውጫ የሌለው ውኃ ጨው ያበዛል። ውኃው ሲተን ጨው አብሮት አይሄድማ! አዋሽ አቤ ከመድረሱ በፊት በገመሪና በአፋምቦ ሐይቆች ያልፋል። እነሱ ውኃው ገብቶ ስለሚወጣ ጨዋማ አይደሉም። መጨረሻው አቤ ግን ለመጠጥ አይሆንም። ጂቡቲ ውስጥ ያለው አሳል ሐይቅ ደግሞ ይብሳል። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ ነው፤ ከአፍሪካ ምድር የመጨረሻው ዝቅተኛ ቦታ። ጨዋማነቱ ከባሕር አሥር እጥፍ ይጠጋል። አሳልን በዋናነት የሚመግበው ወንዝ አይደለም፤ በመሬት ስንጥቅ ሾልኮ የሚመጣ የባሕር ውኃ ነው። አፋሮች ይህን ጨው በግመል ጭነው ለዘመናት ወደ ኢትዮጵያ አምጥተውታል።

ለሰው ግን ይህ መዘጋት ሲሳይም ነው። አዋሽ ደለሉንና ውኃውን ባሕር ውስጥ ከመድፋት ይልቅ በረሃው መሃል ይተወዋል። አሳይታ ዙሪያ ያለው ለምለም መሬት ከዚያ የመጣ ነው፤ የአውሳ ሱልጣኔትም የቆመው በዚሁ ላይ ነው። አፋሮች በሁለቱም አገር ይኖራሉ፣ ኢሳ ሶማሌዎችም እንዲሁ። ለከብትና ለግመል ግጦሽ ፍለጋ የሚሄዱት ዝናብን ተከትለው ነው።

ጂቡቲ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድም ወንዝ የላትም። ወደ አንድ ሚሊዮን ከሚጠጋው ሕዝቧ አብዛኛው የሚኖረው ዋና ከተማዋ ውስጥ ነው፤ ወደቡ አጠገብ። ኢትዮጵያ ደግሞ ውኃ አላት፣ ባሕር የላትም። ስለዚህ ወንዙ ያልሄደበትን መንገድ ሰው ሠራው። በ1917 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የድሮው ባቡር፣ አሁን ደግሞ 752 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የኤሌክትሪክ ባቡር ሸቀጡን ያመላልሳል። ከሶማሌ ክልል የተቆፈረ የከርሰ ምድር ውኃም በቧንቧ ወደ ጂቡቲ ይወርዳል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዝግ ተፋሰስ ውስጥ የገባ ነገር የትም አይሄድም። የአዲስ አበባ ቆሻሻ በአቃቂ ወንዝ አድርጎ አዋሽ ይገባል። ባሕር አይወስደውም፤ የታችኛው ሰው ነው የሚጠጣው። ላይ ላይ በመስኖ የሚጠለፈውም እንዲሁ ታች ላይ ይታወቃል፤ የወንጂና የመተሐራ ሸንኮራ የሚጠጣው ከዚሁ ወንዝ ነው።

አቤ ሐይቅ ዳር፣ በጂቡቲ በኩል፣ እንደ ጭስ ማውጫ ቀጥ ብለው የቆሙ የኖራ ድንጋይ ዓምዶች አሉ። አንዳንዶቹ 50 ሜትር ይደርሳሉ። የተሠሩት ፍል ውኃ ከሐይቁ ወለል ሲፈልቅ ነው፤ ያኔ ሐይቁ እላያቸው ላይ ነበር። አሁን በደረቅ መሬት ላይ ቆመዋል፣ በመሃላቸው ፍየል ይግጣል።