ስለ ዋልታ ምርምር ጉባኤዎች በጎንደር የሚነገሩ ስሕተቶችና እውነታው

የሰሜንና የደቡብ ዋልታ የአየር ንብረትና የአካባቢ ጥናቶች የሚቀርቡባቸው ሳይንሳዊ ጉባኤዎች በየዓመቱ ይካሄዳሉ። ጎንደር ላይ ጂኦሎጂ፣ የአየር ንብረት ወይም የአካባቢ ሳይንስ ለሚያጠኑ ብዙ ወጣቶች ግን በሩ የተዘጋ ይመስላቸዋል። በሩ ክፍት ነው፤ የማያወላውል ቀነ ገደብና ሥርዓት ግን አለው። ችሎታው ያላቸው ሰዎች ከዚህ በታች ባሉት ግምቶች ምክንያት ሳይሞክሩ መቅረታቸው ያሳዝናል።

«በረዶ የሌለበት አገር ሰው እዚያ ምን ይሠራል?»

በጣም የተለመደው ስሕተት ይህ ነው፤ መልሱም ጎርጎራ ላይ ቆመን ከምናየው ውኃ ሥር ይገኛል። የጣናን ደለል እስከ ሐይቁ ጥልቅ ክፍል ድረስ በቱቦ ቆርጠው ያወጡ ተመራማሪዎች በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሐይቁ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ማብቂያ ላይ ደርቆ እንደነበር አሳይተዋል። ከደለሉ ግርጌ ያገኙት ደርቆ የተጠቀጠቀ ጠጣር አፈር ነበር። ከዚያ በላይ ከ16,700 ዓመት ገደማ በፊት መከማቸት የጀመረ የረግረግ ቅሪት አለ፤ ዛሬ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ያን ጊዜ በሐይቁ መሐል ይበቅል ነበር ማለት ነው። ከዚያ ውኃው እየጨመረ ቢመጣም መውጫ ስላልነበረው በትነት ጥቂት ጨዋማ ሆነ፤ ለዚህም ጨው የሚስማማቸው፣ ዲያቶም የተባሉ ረቂቅ አልጌዎች ቅሪት ምስክር ነው። ጣና ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ የጀመረው ከ14,750 ዓመት ገደማ በፊት ነው።

ጥናቱ ድርቁን የሚያያይዘው ከሰሜን አትላንቲክ ጋር ነው። በዚያው ዘመን ሰሜን አሜሪካን ከሸፈነው ግዙፍ በረዶ እየተሰበሩ የወጡ ተንሳፋፊ በረዶዎች ውቅያኖሱን ሞልተውት ነበር፤ ይህ ሃይንሪክ 1 የተባለው ክስተት ነው። በረዶዎቹ ሲቀልጡ የለቀቁት ጨው አልባ ውኃ ሙቀትን ወደ ሰሜን የሚያደርሰውን የውቅያኖስ ዝውውር አዳከመ፤ የሐሩር ክልሉም ዝናብ አብሮ ተዛባ። ስለዚህ የጣናን ደለል የሚያጠና ሰው ከግሪንላንድ በረዶ ተቆፍሮ ከወጣው የአየር ንብረት መዝገብ ጋር ሳያስተያይ የራሱን መረጃ በሚገባ ማንበብ አይችልም፤ የግሪንላንዱም ተመራማሪ የሐሩር ክልሉን መልስ የሚያገኘው ከእኛ ዓይነት ሐይቅ ነው። ጉባኤው ላይ የሚገናኙትም በዚህ ምክንያት ነው።

ስሜን ተራሮችም የሚሉት አላቸው። ዛሬ ራስ ደጀን ላይ የሚታየው ውርጭ፣ አመዳይና አልፎ አልፎ የሚጥል በረዶ ነው እንጂ የበረዶ ግግር የለም። በበረዶ ዘመን ግን ትንንሽ ግግሮች ነበሩ፤ ገፍተው የከመሩት ድንጋይና አፈር እስከ ዛሬ ይታያል። ይህን የሚያጠና ሰው በበረዶና በቀዝቃዛ አፈር ክፍለ ጉባኤዎች ውስጥ ሙሉ ቦታ አለው።

«የባሕር ከፍታ ለደገኛ ምን ያገባዋል?»

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናትና አትሰጥምም። የአገሪቱ ገቢ ዕቃ አብዛኛው የሚራገፈው ግን ጅቡቲ ላይ ነው፤ ወደቡም በባሕር ጠለል ላይ ነው፤ የዋልታ በረዶ ቀልጦ ባሕሩ ከፍ ሲል ነገሩ ደገኛውንም ይነካዋል።

«ዋልታ ረግጦ ያልመጣ ሰው ምርምር አያቀርብም»

በእነዚህ ጉባኤዎች ከሚቀርቡት ሥራዎች ብዙዎቹ በሳተላይትና በአየር ንብረት ሞዴል መረጃ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። በ1959 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የአንታርክቲካ ስምምነት በአንቀጽ 3 ሳይንሳዊ ውጤቶች በነጻ እንዲዳረሱ ይጠይቃል። የባሕር በረዶ ስፋት የሳተላይት መዝገብ ከ1978 መጨረሻ ጀምሮ፣ የግሪንላንድና የአንታርክቲካ በረዶ ክብደት ለውጥ ደግሞ ግሬስ ከተባሉት ሳተላይቶች ከ2002 ጀምሮ ይገኛል። የሚያስፈልገው በነጻ መመዝገብና ኮምፒውተር ነው።

ጀማሪን የሚጥለው ስሌቱ ነው። ኢአርኤ5 የተባለው የአየር ሁኔታ መዝገብ ምድርን በ0.25 ዲግሪ ካሬዎች ይከፍላታል። ካሬዎቹ ወደ ዋልታ ሲጠጉ ይጠባሉ፤ 80 ዲግሪ ላይ ያለው ካሬ ስፋቱ ከምድር ወገቡ 17 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የአርክቲክን አማካይ ሙቀት ሲያሰሉ እያንዳንዱን ካሬ በኬክሮሱ ኮሳይን ማባዛትና በኮሳይኖቹ ድምር ማካፈል ግድ ነው። ይህን የዘለለ ሰው በዋልታው ጫፍ ላሉት ትንንሽ ካሬዎች ከሚገባቸው በላይ ድምፅ ሰጥቷል፤ ገምጋሚውም ወዲያው ያየዋል። የባሕር በረዶ መረጃ በአንጻሩ በዋልታ ካርታ ላይ በ25 ኪሎ ሜትር ካሬዎች ይመጣል፤ እሱን በኮሳይን ማባዛት ሌላ ስሕተት ነው። ኔትወርክ ሲያስቸግር ደግሞ ሙሉውን ፋይል ማውረድ አያስፈልግም፤ ዓመቱን፣ ወሩንና ኬክሮሱን ወስኖ ማዘዝ ይቻላል።

«ሰሜንም ደቡብም ያው ዋልታ ነው»

አርክቲክ በየብስ የተከበበ ውቅያኖስ ነው፤ አንታርክቲካ በውቅያኖስ የተከበበ፣ በአማካይ ወደ 2 ኪሎ ሜትር የሚወፍር በረዶ የተጫነው አህጉር ነው። ቀድሞውኑ የሚንሳፈፈው የባሕር በረዶ ሲቀልጥ የባሕርን ከፍታ እምብዛም አይለውጥም። የግሪንላንድ የየብስ በረዶ ሙሉ በሙሉ ቢቀልጥ ግን 7 ሜትር፣ የአንታርክቲካው 58 ሜትር ገደማ ከፍ ያደርገዋል።

ጉባኤዎቹም በዚሁ ይለያያሉ። ለሰሜኑ በዓለም አቀፉ የአርክቲክ ሳይንስ ኮሚቴ ሥር በየዓመቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ መጋቢት አካባቢ የሚካሄድ የሳይንስ ሳምንት አለ። ለደቡቡ በ1958 የተመሠረተው የአንታርክቲካ ምርምር ሳይንሳዊ ኮሚቴ በየሁለት ዓመቱ ይሰበሰባል፤ በ2024 ቺሊ ፑኮን ላይ ነበር። የጣና ደለል ወይም የስሜን ተራሮች ጥናት ያለው ሰው ግን ሁለቱንም ትቶ በየዓመቱ ቪየና ላይ ወደሚካሄደው የአውሮፓ ጂኦሳይንስ ኅብረት ጉባኤ ቢያመለክት ይሻላል፤ ዋልታውም ተራራውም የጥንት አየር ንብረቱም እዚያ አንድ ላይ ናቸው።

«ኮፕ 32 አዲስ አበባ ሲመጣ ጥናቴን አቀርባለሁ»

ኢትዮጵያ በ2027 እ.ኤ.አ. የምታስተናግደው ኮፕ 32 ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚደረግ የመንግሥታት ድርድር ነው። አብስትራክት (የጥናት አጭር ማጠቃለያ) አይቀበልም፤ መግቢያውም ዕውቅና ባለው ድርጅት ወይም በመንግሥት ልዑክ በኩል ነው። የአንታርክቲካ ስምምነት አባል አገሮች ስብሰባም እንዲሁ ነው። ከ12ቱ የመጀመሪያ ፈራሚዎች ውስጥ ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ አለች፤ ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። የተመራማሪዎቹ ሳይንሳዊ ጉባኤ ግን ዜግነት አይጠይቅም፤ የሚመዘነው ሥራው ነው።

«ጥናቴ ሳያልቅ አብስትራክት አልልክም»

ብዙ ሰው ዕድሉን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። የቪየናው ጉባኤ የሚቀበለው ከ100 እስከ 500 ቃል የሆነ ጽሑፍ ነው። ጥያቄው፣ መረጃው፣ ዘዴውና ቢያንስ አንድ የመጀመሪያ ውጤት ካሉ በቂ ነው፤ ቀሪው እስከ ሚያዝያ ሊሠራ ይችላል። የሚጣለው አብስትራክት «ውጤቱ በጉባኤው ላይ ይገለጻል» ብሎ ምንም ቁጥር ያልያዘው ነው።

ቀኑን በሁለት ደረጃ መያዝ ያስፈልጋል። የጉዞ ድጋፍ የሚጠይቅ ሰው ቀነ ገደቡ ቀድሞ፣ ኅዳር ጽዮን ሰሞን ያልቅበታል። የሌላው ሰው ገደብ ጃንዋሪ አጋማሽ ላይ፣ ከጥምቀት ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ነው። ጎንደር በእንግዳ በምትጨናነቅበት፣ ቤቱም በዝግጅት በሚጠመድበት ሰሞን የመጨረሻዋን ቀን መጠበቅ አይበጅም። ሰዓቱም 13፡00 በመካከለኛው አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት። እኩለ ሌሊት ይመስለው የነበረ ሰው በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል።

አብስትራክቱ ሲገባ የማይመለስ ክፍያ አለው። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ከሌለ ውጭ ካለ የጥናት አጋር ጋር ከወር በፊት መነጋገር ይገባል፤ በመጨረሻው ቀን ካርድ አፈላልጎ የተሳካለት ጥቂት ነው።

«ፖስተር የተሰጠው ሥራው ደካማ ስለሆነ ነው»

አይደለም። የቃል ገለጻ 10 ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ለጥያቄ የሚተርፈው ጊዜም ትንሽ ነው። ፖስተር ፊት ግን ሥራውን የሚያውቀው ሰው ቆሞ ግማሽ ሰዓት ይከራከራል፤ ለጀማሪ ይህ ይበልጥ ይጠቅማል። ከማሳተም በፊት የሰሌዳውን አቅጣጫ ማየት ግን ግድ ነው። ኤ-ዜሮ ወረቀት 841 በ1,189 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሰሌዳው አግድም ሆኖ ፖስተሩ ቁመቱን ከሆነ ግርጌው ከሰሌዳው ይወጣል።

«የክብር ግብዣ በኢሜይል ደርሶኛል»

«የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብሎ የማያውቀውን ተማሪ የሚጋብዝ፣ ከሕክምና እስከ በረዶ ጥናት በአንድ አዳራሽ የሚሰበስብ፣ አብስትራክቱን በሁለት ቀን ተቀብሎ ክፍያ የሚጠይቅ ጉባኤ ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው። እውነተኞቹ የዋልታ ጉባኤዎች ጥቂትና የታወቁ ናቸው፤ የሳይንስ ኮሚቴያቸውን ስም ከነተቋሙ ያወጣሉ። አጠራጣሪ ሲሆን ከኮሚቴው አባላት አንዱን በተቋሙ አድራሻ ጽፎ መጠየቅ ይበቃል። ለወጣት ተመራማሪዎች ኤፔክስ የሚባል የዋልታ ማኅበርም አለ፤ አባልነቱ በነጻ ነው፤ እውነተኛ ጥሪዎችን ያሰራጫል።

«የግብዣ ደብዳቤ ካለ ቪዛ አለ»

ደብዳቤው ከብዙ ሰነዶች አንዱ ነው። የሸንገን (የብዙ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ይገባል፤ ውሳኔው በመደበኛነት 15 ቀን፣ ሲዘገይ እስከ 45 ቀን ይወስዳል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድን፣ ከመመለሻ ቀን በኋላ 3 ወር የሚያገለግል ፓስፖርት፣ ከዩኒቨርሲቲው የሥራና የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልጋል። አሻራ ለመስጠት አዲስ አበባ መገኘት ስላለ የቀጠሮውና የአውሮፕላኑ ቀን አብረው ይታሰቡ።

አንድ የተለየ ወጥመድ አለ። የአርክቲክ ሥልጠናዎች የሚሰጡበት ስቫልባርድ የኖርዌይ ቢሆንም ከሸንገን ውጭ ነው። በኦስሎ በኩል የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ወደ ስቫልባርድ ሲሻገር ከሸንገን ወጥቷል፤ ሲመለስ እንደገና ይገባል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ መግባት የሚፈቅድ ቪዛ መጠየቅ አለበት።

«በኦንላይን መካፈል ለስም ነው»

ቪዛው ወይም ገንዘቡ ሳይሳካ ሲቀር በኦንላይን የቀረበ ሥራም በመርሐ ግብሩ ላይ በስም ይመዘገባል፤ ጥያቄም ይመጣለታል። የገለጻውን ፒዲኤፍ ከቀኑ በፊት መጫን፣ አንድ ቅጂ ለክፍለ ጉባኤው ሰብሳቢ መላክ፣ መብራት ቢጠፋ ብሎ ላፕቶፑን ሞልቶ የስልክ ዳታ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ሰዓቱም በጥንቃቄ ይሰላ፦ ጃንዋሪ ላይ ከቪየና 2 ሰዓት እንቀድማለን፤ አውሮፓ ከማርች መጨረሻ ጀምሮ ሰዓቱን ወደፊት ስለሚያዞር በጉባኤው ሰሞን ልዩነቱ 1 ሰዓት ብቻ ነው። ቪየና 8፡30 የተባለ ክፍለ ጉባኤ ጎንደር ላይ ከጠዋቱ 3፡30 ይጀምራል።