የእስር ቤት ጠባቂ ጌም ምንድን ነው? ስለ ወንጀል ሥነ ልቦናስ ምን ያህል ይነግረናል?

ተጫዋቹ ጠባቂ ወይም የእስር ቤት ኃላፊ ሆኖ የሚፈትሽበት፣ የሚቀጣበት፣ ምግብና ክፍል የሚመድብበት የኮምፒውተር ወይም የስልክ ጨዋታ ነው። ጎንደር ውስጥ ሥነ ልቦና ወይም ሕግ የሚማር ወጣት ይህን ጌም ከፍቶ ስለ ሰው ባሕርይ ከመደምደሙ በፊት አንድ ነገር መጠየቅ አለበት፦ የጨዋታውን ሕግ ያወጣው ማን ነው?

በደንብ የታወቀው ፕሪዝን አርክቴክት ነው፤ ኢንትሮቨርዥን የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ሙሉውን አወጣው። እዚያ እያንዳንዱ እስረኛ ፍላጎት አለው፦ ምግብ፣ እንቅልፍ፣ ንጽሕና፣ ስፖርት፣ ቤተሰብ። ስልክ ወይም የጠያቂ ክፍል ከሌለ የቤተሰብ ናፍቆቱ ይብሳል፤ ችላ ሲባል ጠብ ይነሳል፣ ሲቆይም አመፅ ይሆናል። ጀማሪ ተጫዋች ወዲያው ጠባቂ ይቀጥራል። ደመወዙ ካዝናውን ያራቁታል፣ ናፍቆቱ ግን እዚያው ነው። ማንኪያውንም ልብ በሉ፦ እስረኛው ከመመገቢያ አዳራሽ ሰርቆ ከሽንት ቤቱ ሥር ዋሻ ይቆፍርበታል። ሁሉንም ክፍል ደጋግሞ መፈተሽ የጠባቂውን ጊዜ ይበላል፤ አዳራሹ በር ላይ ብረት ጠቋሚ መትከል ግን ማንኪያው ገና ሲወጣ ይይዘዋል። የወንጀል ተመራማሪዎችም ወንጀለኛውን ለመለወጥ ከመድከም አስቀድሞ አጋጣሚውን መዝጋት የሚሉት ይህንኑ ነው።

ጌሙ የማያሳየው የሰውየውን ውስጥ ነው። ካናዳውያኑ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አንድሪውስና ቦንታ ድጋሚ ወንጀልን ይተነብያሉ ካሏቸው ነገሮች ዋናዎቹ አራት ናቸው፦ የቀደመ የጥፋት ታሪክ፣ ራስን አለመግዛት፣ ጥፋትን የሚያጸድቅ አስተሳሰብና አጥፊ ጓደኛ። ቤተሰብ፣ ትምህርትና ሥራ፣ የትርፍ ጊዜ አጠቃቀም፣ መጠጥና ዕፅ ይከተላሉ። ከዚህ የሚወጣው ምክር ቀላል ነው፤ ብርቱው ድጋፍ ለከፍተኛ ስጋት ታራሚ ይሰጥ። ስጋቱ ዝቅተኛ የሆነውን ከከባዶቹ ጋር መቀላቀል አጥፊ ጓደኛ ማስተዋወቅ ነው።

ስለ ጠባቂዎች ሲነሳ ሁሉም የሚጠቅሰው በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተደረገውን የእስር ቤት ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1971 የሥነ ልቦና ፕሮፌሰሩ ፊሊፕ ዚምባርዶ 24 ወጣቶችን በቀን 15 ዶላር እየከፈለ፣ በዕጣ እስረኛና ጠባቂ አድርጎ ዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት አስገባቸው። ጠባቂዎቹ ካኪ ለበሱ፣ መስታወት መሳይ መነጽር አደረጉ፤ እስረኞቹ በቁጥር ተጠሩ። ለሁለት ሳምንት የታቀደው በ6ኛው ቀን ቆመ። «ዩኒፎርም ሰውን ጨካኝ ያደርጋል» የሚለው ትምህርት ለዓመታት ተሰጠ። ኋላ የወጡት የሙከራው የድምፅ ቅጂዎች ግን ጠባቂዎቹ አስቀድሞ መመሪያ እንደተሰጣቸው፣ ለስለስ ያለውም እንዲጠነክር እንደተገፋ አሳዩ። ዚምባርዶ ራሱ የእስር ቤቱ የበላይ ኃላፊ ነበር። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሃስላምና ራይከር በቢቢሲ ተመሳሳይ ሙከራ ሲያደርጉ ደግሞ እንዲህ ያለ ግፊት አልነበረም፤ ጠባቂዎቹም ሥልጣናቸውን ለመጠቀም አመነቱ፣ እስረኞቹም ተባብረው ገለበጧቸው። እኔ ከሁለቱ የምወስደው፣ ጭካኔ ከልብሱ ይልቅ ከላይ ከሚሰጠው ፈቃድ እንደሚመጣ ነው።

ክፍል ውስጥ ሚና አስይዞ ማስተማር የሚፈልግ መምህር ከ30 ደቂቃ አያሳልፍ። ሁሉም የሚያውቀው የማቆሚያ ቃል ይኑር፤ ቃሉ ሲነገር ጨዋታው ያለ ክርክር ይቆማል። መምህሩ ራሱ ኃላፊ ሆኖ አይጫወት፤ ዳር ቆሞ ይመዝግብ፣ «ጠንከር በሉ» ብሎም አይገፋፋ። እኩሌታው ላይ ሚና ይቀያየር። የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው ነው፦ ደወል ይደወልና ሁሉም ይበተናል፣ የተዋረደው ተማሪ ስሜቱን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ከጨዋታው ያላነሰ ጊዜ ለውይይት ይተው፤ መጀመሪያ እስረኞቹ ይናገሩ፣ ጠባቂዎቹም ያደረጉት የታዘዙትን ይሁን ራሳቸው የፈጠሩትን ለይተው ይጻፉ።