ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ፦ ስለ ሐዘን የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሐዋሳ ላይ ሰው ሲሞት ሰፈሩ ሥራውን ያውቃል። እድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ወንበሩና ድስቱ ይመጣል፤ ንፍሮ ይቀቀላል። ባጃጆቹ እንኳ መንገድ ሲዘጋባቸው ሳያጉረመርሙ ዞረው ይሄዳሉ። ለቅሶ በመድረስ አንታማም። የምንታማው ከዚያ በኋላ ነው፤ ለሐዘንተኛው በምንናገረውና ከእሱ በምንጠብቀው።

«አርባው ወጣ፣ በቃ አሁን ተነሺ»

ሠልስቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ ለጸሎትና ለመሰባሰብ የተቀመጡ ቀኖች ናቸው። ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴትም 4 ወር ከ10 ቀን ትጠብቃለች። አንዳቸውም ልብ በስንት ቀን እንደሚድን አይናገሩም። እንዲያውም አባቶች ተዝካሩን እስከ 7 ዓመት መዘርጋታቸው ሐዘን ቶሎ እንደማይለቅ ስለገባቸው ይመስለኛል።

ለብዙ ሰው ክፉው ጊዜ የሚጀምረው ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ወር ላይ ነው። ዘመድ ወደ አገሩ ተመልሷል። ስልኩ መጮህ አቁሟል። የቤት ኪራዩና የውርስ ወረቀቱ ምልልስ ግን መጥቷል። ከዚያ በዓል ይከተላል። ፍቼ ጫምባላላም ይሁን ፋሲካ ወይም ዒድ፣ ከተማው ሲደምቅ የጎደለው ሰው ይበልጥ ይታወቃል። «ዓመት አልፎም ታለቅሳለች» ብሎ ማማት ነውር ነው። ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ከምትቀመጡ፣ አንዱን ቀን ለሦስተኛው ወር አቆዩትና ቡና ይዛችሁ ሂዱ።

«ሐዘን አምስት ደረጃ አለው»

ይሄኛውን ያመጣብን ቲክቶክ ነው። መካድ፣ መቆጣት፣ መደራደር፣ መደበት፣ መቀበል። ሐሳቡን በ1969 እ.ኤ.አ. ያቀረበችው ሐኪሟ ኤልሳቤት ኩብለር ሮስ ናት። እሷ ግን ያነጋገረችው ራሳቸው ሊሞቱ የተቃረቡ ሕሙማንን እንጂ ሰው የሞተባቸውን አልነበረም። አሁን «ገና ቁጣው ላይ ነኝ፣ መቀበሉ መቼ ነው የሚመጣው?» ብሎ የሚጨነቅ ሰው አለ። ሐዘን እንዲህ በተራ አይመጣም።

በኔዘርላንድስ ይሠሩ የነበሩት ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት በ1999 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሐሳብ እኛ ከምናየው ጋር ይበልጥ ይገጥማል። ሐዘንተኛ ከሐዘኑ ወደ ኑሮው፣ ከኑሮው ወደ ሐዘኑ ይመላለሳል ይላሉ። ጠዋት ስታነባ የነበረች ሴት ከሰዓት አሮጌ ገበያ ወጥታ በቲማቲም ዋጋ ብትከራከር አስመሳይ አይደለችም። ድንኳን ውስጥ ካርታ የሚጫወቱት ወንዶችም (ድምፃቸውን ቢቀንሱ ደስ ይለኛል) ሟቹን ስለናቁ አይደለም።

«ያላለቀሰ አላዘነም»፣ «አማኝ አያለቅስም»

ሁለቱን አንድ ላይ ያነሳኋቸው አንድ ሰፈር ውስጥ ስለሚባሉ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆርጅ ቦናኖ የትዳር ጓደኛቸው የሞተባቸውን ሰዎች ተከታትሎ፣ ብዙዎቹ ክፉኛ ሳይሰበሩ ኑሯቸውን እንደሚቀጥሉ አይቷል። እንባ የፍቅር መለኪያ አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ «ጌታ ጋ ሄዷል፣ ምን ያስለቅስሻል?» እያሉ ሰው ማፈን አለ። ኢየሱስ በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል። ነቢዩ ሙሐመድም ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል። ታዲያ የማንን እምነት ነው የምንለካው?

«መርዶውን ማቆየት ይሻላል»

ልጁ ፈተና አለበት። ልጅቷ ዓረብ አገር ናት። ወይ ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርክ ትሠራለች፣ ብቻዋን ናት። ስለዚህ «ታሟል» እየተባለ ወራት ይቆጠራል።

የመርዶ ወጋችን ጥበብ አለው። ሽማግሌዎች በማለዳ የሚመጡት፣ ሰውየው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማና የሚይዘው ሰው እንዲኖር ነው። ይሄ ግን የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ ቢበዛ የአንድ ቀን። ዛሬ ደግሞ ፌስቡክ ከሽማግሌዎቹ ይቀድማል። የእናቷን ፎቶ «ነፍስ ይማር» ከሚል ጽሑፍ ጋር ያየች ልጅ የምታዝነው በእናቷ ብቻ አይደለም። ቀብር አምልጧታል፤ ዘመዶቿንም ሁለተኛ ለማመን ይቸግራታል። ሩቅ ከሆነች አጠገቧ ላለ ወዳጅ ቀድማችሁ ደውሉና እሱ ከደረሰ በኋላ ንገሯት።

በሕፃናት ላይ ስህተቱ ይብሳል። «አባባ ተኝቷል» የተባለ ልጅ መተኛት ሊፈራ ይችላል። «ውጭ አገር ሄዷል» የተባለው ደግሞ በር በሩን ያያል። ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜ አብዛኞቹ ልጆች የሞተ እንደማይመለስ ይገባቸዋል። በአጭሩ ንገሩት፦ «አባባ ሞቷል። አይመለስም። አንተ ባደረግከው ነገር አይደለም።» የመጨረሻዋን እንዳትዘሏት፤ ልጆች ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ያደርጋሉ።

«ድምፁን ሰማሁ ካለች አእምሮዋ ተነክቷል»

አይደለም። ዴዊ ሪስ የተባለ ሐኪም በ1971 እ.ኤ.አ. በዌልስ ባል ወይም ሚስት የሞተባቸውን ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ጠይቆ ነበር። ግማሽ ያህሉ ሟቹ አጠገባቸው እንዳለ ተሰምቷቸው፣ አይተውት ወይም ድምፁን ሰምተው ያውቃሉ። ጸበል መሄድ ከፈለገች ትሂድ፤ አሳብዳችሁ ግን አትውሰዷት።

«ስሙን አታንሱባት፣ ታስታውሳለች»

መቼ ረሳችውና? ይልቅ ሰው ሁሉ ሲረሳው ነው የሚያማት።

«ሌላ ትወልጃለሽ»

ፅንስ ለወረደባት ወይም ልጇ ሞቶ ለተወለደባት እናት የሚባል ነው። ድንኳን አይተከልላትም፤ ለቅሶም የሚደርሳት የለም። ቢያንስ ይቺን ዓረፍተ ነገር ተዉላት።

«ጊዜ ይፈታዋል፤ ሐኪም ምን ያደርጋል?»

አብዛኛውን ሰው ጊዜና ወገን ያነሱታል። ሁሉንም ግን አይደለም። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መለያ ዝርዝር የተራዘመ ሐዘንን በሕመምነት ይዟል። ቢያንስ 6 ወር አልፎት፣ በአካባቢው ባህል ከሚጠበቀውም በላይ በርትቶ፣ ናፍቆቱ ሥራና ኑሮ ሲያስቆም ማለት ነው። ለዚህ የንግግር ሕክምና አለ። እዚሁ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ሪፈራል የምንለው፣ የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። «እኔም ብከተለው» የሚል ቃል ከሰማችሁ ደግሞ 6 ወር አትጠብቁ፤ የዚያኑ ቀን ውሰዱት። ካርድ አውጥታችሁለት ተራው እስኪደርስ አብራችሁት ተቀመጡ፤ ብቻውን ከላካችሁት ከበሩ ሊመለስ ይችላል።