የመኪና አምፕሊፋየር ምንድን ነው? ስፒከር መቀየር ብቻውን ለምን አይበቃም?

ስፒከር ብቻ የቀየረ ሰው ቅሬታው ይታወቃል። «ያን ያህል ብር አወጣሁበት፣ ድምፁ ግን ያው ነው።» አንዳንዱ እንዲያውም ከበፊቱ ቀነሰብኝ ይላል። ስፒከሩ ፎርጅድ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። መኪናው ይዞት የመጣው ስፒከር ብዙውን ጊዜ ቀለል ያለ የወረቀት ነው፤ በትንሽ ኃይል ይንቀሳቀሳል። ከገበያ የሚገዛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከበድ ይላል፤ ጠንከር ያለ ገፊ ይፈልጋል። ያ ገፊ ነው አምፕሊፋየር የሚባለው፣ ባጭሩ አምፕ።

ሥራው እንዲህ ነው። ከስልክ ወይም ከፍላሽ የሚነሳው የድምፅ ምልክት በጣም ደካማ ነው። በእሱ ብቻ ስፒከር አይነቃነቅም። አምፑ ከባትሪው ኃይል ይወስድና ያንን ምልክት ቅርጹ ሳይለወጥ ያጎለብተዋል። ከራሱ የሚፈጥረው ኃይል የለም፤ ለስፒከሩ የሚሰጠው ሁሉ ከባትሪውና ከዲናሞው የመጣ ነው።

«ቴፔ እኮ የራሱ አምፕ አለው፣ ፊቱ ላይ 50 ዋት በ4 ተብሎ ተጽፏል» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው፣ አለው። ግን ሂሳቡን እንየው። የመኪና ኤሌክትሪክ 12 ቮልት ይባላል፤ ሞተሩ ሲሠራ ወደ 14 ከፍ ይላል። ቴፑ ውስጥ ያለችው ትንሽ ቺፕ ብዙውን ጊዜ ቮልት ማሳደጊያ የላትም። ስለዚህ ለስፒከሩ ከ14 ቮልት ብዙም አሳልፋ መስጠት አትችልም። ስፒከሩ 4 ኦም ከሆነ (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው)፣ ድምፁ ሳይበላሽ የሚወጣው ለእያንዳንዱ 20 ዋት አካባቢ ነው። ታዲያ 50ው ከየት መጣ? ሞተሩ ሲሠራ ያለውን 14.4 ቮልት በራሱ አባዝተው ለ4 ኦሙ ያካፍሉት፤ 51.8 ይመጣል። ይህ የሚሆነው ግን የድምፁ ሞገድ ከላይም ከታችም ተቆርጦ አራት ማዕዘን ሲሆን ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ሙዚቃ ሳይሆን ጩኸት ነው።

የሞገዱ መቆረጥ ክሊፒንግ ይባላል። ታክሲ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ስሙን ባያውቀውም ድምፁን ያውቀዋል፤ ዘፋኙ የተሰነጠቀ ጣሳ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። የተቆረጠ ሞገድ ስለታም ጫፍ ስላለው ወደ ቀጭን ድምፅ ማውጫዋ፣ ወደ ትዊተሯ፣ ያልታሰበ ኃይል ይልካል። ትዊተር የሚያቃጥለው ትልቅ አምፕ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ትንሽ አምፕ እስከ ጥግ ተከፍቶም በደንብ ያቃጥላል።

ለብቻው የሚገጠመው አምፕ ልዩነቱ ውስጡ ቮልት ማሳደጊያ መኖሩ ነው። የመኪናውን 12 ቮልት ተቀብሎ ከፍ ያደርገዋል። በ4 ኦም ስፒከር ላይ 75 ዋት ለማውጣት የሞገዱ አናት 24 ቮልት ገደማ መድረስ አለበት። ቴፑ ብቻውን እዚያ አይደርስም።

ከ20 ወደ 75 ዋት ስንሄድ ድምፁ አራት እጥፍ ይጮኻል? አይጮኽም። ዋት በእጥፍ ሲጨምር ድምፅ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ብቻ ነው። ለጆሯችን «እጥፍ ሆነ» እንዲመስለን አሥር እጥፍ ያህል ዋት ያስፈልጋል። ስለዚህ በእኔ እምነት አምፕ የሚገዛው ለጩኸት አይደለም። ከበሮው ድንገት ሲመታ ሞገዱ ሳይቆረጥ እንዲያልፍ ነው። ስፒከር ሲገዙም ሴንሲቲቪቲ የሚለውን ቁጥር ይዩ፤ ስፒከሩ በተመሳሳይ ዋት ምን ያህል እንደሚጮኽ የሚናገር ነው። ከሌላው በ3 ዴሲቤል የሚበልጥ ስፒከር የአምፑን ዋት በእጥፍ የማሳደግ ያህል ነው፣ ያውም በነጻ።

አሁን ወደ ሱቅ እንግባ። ካርቶኑ ላይ 2000 ዋት፣ 3000 ዋት ተብሎ በትልቁ ይጻፋል። እሱን ይተዉትና አርኤምኤሱን ይጠይቁ፤ አምፑ ሳያቋርጥ ሊሰጥ የሚችለው ኃይል እሱ ነው። ሻጩ ካላወቀ አምፑ ላይ የተሰካውን ፊውዝ ይመልከቱ። ፊውዝ ብዙም አይዋሽም። 30 አምፒር ከሆነ፣ 30 በመኪናው 13.8 ቮልት ሲባዛ 414 ዋት ነው። ይህ ወደ አምፑ የሚገባው ኃይል ነው። የሚወጣው ከዚያ ያንሳል፣ ከፊሉ ወደ ሙቀት ይቀየራልና። ክላስ ዲ የሚባለው ዓይነት 80 በመቶ ያህሉን ያወጣል፤ ክላስ ኤቢ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ከ400 ገብቶ 2000 አይወጣም!

አገጣጠሙ ላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ወፍራሙ ሽቦ ነው። ፖዘቲቩ በቀጥታ ከባትሪው ይመጣል። ለባትሪው ቅርብ በሆነ ቦታ፣ ከ45 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ፣ ፊውዝ ሊኖረው ይገባል። ይህ ፊውዝ አምፑን ሳይሆን ሽቦውን ነው የሚጠብቀው። ሽቦው የሆነ ቦታ ተልጦ ከመኪናው ብረት ጋር ቢነካካ፣ ያለ ፊውዝ እሳት ነው። ኔጌቲቩ አጭር ይሁን፤ የሚታሰርበት ብረት ላይ ያለው ቀለም ተፍቆ ይታሰር። ርካሽ ሽቦዎች ብዙ ጊዜ ከውጭ መዳብ የተቀቡ አሉሚኒየም ናቸው፤ በተመሳሳይ ውፍረት ከመዳብ ያነሰ ይሸከማሉ። ሪሞት የምትባለዋ ቀጭን ሽቦ ደግሞ አምፑን ከቴፑ ጋር አብሮ የምታበራና የምታጠፋ ናት። እሷን ከባትሪ ጋር በቀጥታ ካገናኟት አምፑ ሌሊቱን በርቶ ያድርና ጠዋት መኪናው አልነሳም ይላል።

ጌይን የተባለው ማዞሪያ ቮልዩም አይደለም። የቴፑንና የአምፑን ደረጃ ማስማሚያ ነው። ቴፑን ሦስት አራተኛ ያህል ይክፈቱ፣ ጌይኑን ቀስ እያሉ ይጨምሩ፣ ድምፁ መበላሸት ሲጀምር ትንሽ ይመልሱት።

በቅርብ የወጡ መኪኖች ላይ ቴፑ ከካሜራውና ከሌላው ሲስተም ጋር ስለተያያዘ ማውጣት አይመከርም። ሃይ ሌቭል መግቢያ ያለው አምፕ ከተገኘ ከራሱ ከፋብሪካው የስፒከር ሽቦ ምልክቱን ይቀበላል። ኢትዮጵያ በ2024 የነዳጅ መኪና ማስገባትን ካገደች ወዲህ እየበዙ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ዲናሞ የላቸውም። 12 ቮልት ባትሪያቸው የሚሞላው ከትልቁ ባትሪ፣ ቮልቱን ዝቅ በሚያደርግ ኮንቨርተር ነው። ትልቅ አምፕ ከመጫንዎ በፊት ኮንቨርተሩ ስንት አምፒር እንደሚችል ይጣራ፣ ዋስትናውም ይታይ። የትልቁ ባትሪ ከፍተኛ ቮልት የሚያልፍባቸውን ብርቱካናማ ኬብሎች ማንም «የቴፕ ባለሙያ ነኝ» ባይ እንዳይነካቸው።

ለቪትዝ ወይም ለኮሮላ እኔ ብሆን ባለ 4 ቻናል (አራት የድምፅ መውጫ ያለው) ክላስ ዲ፣ በቻናል 75 ዋት አርኤምኤስ ያለው አምፕ እይዛለሁ። ሁለቱን ቻናል ለፊት በሮች እሰጣለሁ፤ ከ80 ኸርዝ በታች ያለው ቤዝ ወደ እነሱ እንዳይሄድ ሃይ ፓሱን እከፍታለሁ። ሁለቱን ደግሞ ብሪጅ አድርጌ (እንደ አንድ ቻናል አጣምሬ)፣ አምፑ በብሪጅ 4 ኦም የሚችል መሆኑን አረጋግጬ፣ አንድ ትንሽ ሰብዉፈር (የቤዝ ስፒከር) እነዳበታለሁ። የኋላ ስፒከሮቹ በቴፑ ይቆዩ። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን የበሮቹን የውስጥ ሽፋን አውልቄ፣ ብረቱ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ድምፅ በሚያፍን ማት እዘጋለሁ። ከስፒከሩ ጀርባ የሚወጣው ድምፅ በእነዚያ ቀዳዳዎች እየዞረ የፊቱን ቤዝ ስለሚያጠፋው፣ ብዙ ጊዜ «አምፕ ያስፈልጋል» የተባለው መኪና ይህ ብቻ ሲሠራለት ይለወጣል።