ጎርቴክስ ምንድን ነው? ለዝናባማ የመርከብ ሽርሽር ጫማ ስንመርጥ

ሲያትል ለሚኖር ሐበሻ የአላስካ መርከብ ከደጁ ነው የሚነሳው። ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ኦክቶበር ድረስ መርከቦቹ ከከተማዋ ወደብ ይወጣሉ። ብዙዎቹ ጉዞዎች ሰባት ሌሊት ይፈጃሉ። ኬቺካን፣ ጁኖ፣ ስካግዌይ፣ ሲትካ እያሉ ይቆማሉ። ትኬቱ ይቆረጣል፣ ክፍሉ ይመረጣል፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ወላጆች ካሉም አብረው ይሄዳሉ። ጃኬት የሚረሳ ሰው ብዙም የለም። ጫማ ላይ ግን ብዙዎቻችን ቤት ያለውን አንስተን እንሄዳለን።

ልግዛ ብሎ መደብር የገባ ሰው ደግሞ አንድ ስም ደጋግሞ ያያል፦ ጎርቴክስ። ከጫማው ጎን በትንሹ ተጽፏል። ዋጋውም ከሌላው ከፍ ይላል። ሻጩን ብትጠይቁት «ውሃ አያስገባም» ይላችኋል። ልክ ነው፣ አያስገባም። ግን ውሃ ወደ እግር የሚደርስበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። ጎርቴክስ የትኛውን መንገድ እንደሚዘጋና የትኛውን ክፍት እንደሚተው ያወቀ ሰው ገንዘቡን በአግባቡ ያወጣል።

ጎርቴክስ በጫማው የውጭ ቆዳ ወይም ጨርቅና እግራችን በሚነካው የውስጥ ጨርቅ መካከል የሚገባ በጣም ስስ ገበር ነው። ጎር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይሠራዋል፣ ጫማ አምራቾች ደግሞ በራሳቸው ጫማ ውስጥ ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ሳሎሞንም ሜረልም ላይ ያው ስም ተጽፎ ታገኛላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ገበሩ እንደ ካልሲ ተሰፍቶ፣ ስፌቱ ውሃ በማያሳልፍ ፕላስተር ተለጥፎ ነው ጫማው ውስጥ የሚገባው።

አሠራሩ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ቦብ ጎር የማይጣበቅ መጥበሻ ላይ የምናውቀውን የቴፍሎን ዘር ዘንግ እያሞቀ ለመለጠጥ ይሞክር ነበር። ቀስ አድርጎ ሲስበው ይበጠስበታል። በመጨረሻ ተናደደና በአንድ ጊዜ መነጨቀው። ሳይበጠስ ወደ አሥር እጥፍ ተለጠጠ። የተለጠጠው ነገር አብዛኛው አየር ሆነ፣ ለዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ተሞላ። ኩባንያው እንደሚለው እያንዳንዱ ቀዳዳ ከውሃ ጠብታ 20,000 ጊዜ ያነሰ፣ ከውሃ ተን ቅንጣት ግን 700 ጊዜ የሚበልጥ ነው። ዝናቡ መግባት አይችልም። የእግር ላብ ግን ተን ሆኖ ይወጣል። ከዚህ የተሠሩ ዕቃዎችን በ1970ዎቹ አጋማሽ መጀመሪያ ለገበያ ካቀረቡት አንዱ ሲያትል የነበረ ኧርሊ ዊንተርስ የሚባል ድርጅት ነበር። ዝናብ የጠገበ ከተማ እንዲህ ያለውን ነገር ቀድሞ ቢፈልግ አይገርምም። ከ2022 ወዲህ ደግሞ ኩባንያው ለአካባቢ የተሻለ ነው ያለውን፣ ከፖሊኢትሊን የሚሠራ አዲስ ገበር ማስገባት ጀምሯል። ሌሎች ድርጅቶችም በራሳቸው ስም ተመሳሳይ ገበር ይሠራሉ። ስለዚህ ስሙ ላይ ሙጭጭ ማለት አያስፈልግም።

ተኑ የሚወጣው ግን ዝም ብሎ አይደለም። ከሞቀና ከረጠበ ቦታ ወደ ቀዘቀዘና ደረቅ ወደሆነ ቦታ ነው የሚሄደው። ጫማው ውስጥ ሙቀት፣ ውጭ ቅዝቃዜ ሲሆን ጥሩ ይሠራል። ለዚህ ነው አላስካ ላይ ዋጋ የሚኖረው። በጋው ራሱ ብዙ ቀን ከ10 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ዱባይ ላይ በጁላይ ይህን ጫማ ብታደርጉ ግን ውጭው ከውስጡ የባሰ ሞቃትና እርጥብ ስለሆነ ላቡ መውጫ ያጣል። ለባሕረ ሰላጤው ወይም ለካሪቢያን መርከብ ይህን ጫማ አትግዙ። እዚያ ቶሎ የሚደርቅ ቀለል ያለ ጫማ ይሻላል።

አሁን ወደ ዝናቡ እንምጣ። ኬቺካን በዓመት በአማካይ ወደ 3,800 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። አዲስ አበባ በዓመት የምታገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የክረምታችን ዝናብ ከሰዓት በኋላ ወርዶ ያባራል፣ ፀሐይም ትወጣለች። የኬቺካን ዝናብ ከዚያ ይለያል። ቀኑን ሙሉ በስሱ እየወረደ ሊውል ይችላል፣ ፀሐይ ሳትታይ ይመሻል። ወደቡ አጠገብ የከተማዋን ዝናብ መጠን የሚያሳይ ትልቅ ሰሌዳ ቆሟል። በ1949 የወረደው 202.55 ኢንች ክብረ ወሰን ሆኖ እዚያ ላይ ተጽፏል። ይህ ከ5,000 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። ስካግዌይ ደግሞ በተራራ ስለተከለለች ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው የምታገኘው። በወቅትም ይለያያል፤ ሜይና ጁን ደረቅ የሚባሉ ናቸው፣ ሴፕቴምበር ሲገባ ዝናቡ ይበረታል።

እንዲህ ባለ ዝናብ ውስጥ ሦስት ሰዓት የሚራመድ ሰው እግሩ የሚረጥበው ብዙ ጊዜ ከላይ በሚገባ ውሃ ነው። ጂንስ የለበሰ ሰውን እግር ልብ ብላችሁ እዩ። ዝናቡ ጭኑ ላይ ያርፋል። ጂንሱ ውሃውን ይመጠዋል፣ እየከበደ ይሄዳል። ውሃው ክር ለክር ወደ ታች ይወርድና የሱሪው ጫፍ ጋ ይጠራቀማል። ጫፉ ካልሲውን ይነካል። ካልሲው ደግሞ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ጫማው አንዲት ጠብታ ሳያሳልፍ እግር ጣት ድረስ ይረጥባል። ከዚያ ሰውየው «ጎርቴክስ ብለው ሸወዱኝ» ይላል። ሱሪው ነው ያስገባው። ቶሎ የሚደርቅ ስስ ሱሪ፣ ከላዩም ጫማው አፍ ላይ የሚወርድ የዝናብ ሱሪ ቢለብስ ኖሮ ደርቆ ይውል ነበር።

ጫማው ላይም የሚታይ ነገር አለ። ማሰሪያውን ፍቱና ምላሱን ወደ ፊት ሳቡት። በሁለቱም ጎን ከጫማው ጋር በጨርቅ የተያያዘ ከሆነ ውሃ በጎን አይገባም። ለብቻው የሚንጠለጠል ከሆነ ትንሽ ኩሬ ከረገጣችሁ ገበሩ ዋጋ የለውም። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ከአጭሩ የተሻለ ነው። ሩቅ መንገድ ባትሄዱ እንኳ ኩሬ ለመርገጥ ይጠቅማችኋል።

የውጭው ጨርቅም ይታሰብበት። አዲስ ጫማ ላይ ውሃ ብታፈሱ ጠብታው ክብ ሆኖ ተንከባሎ ይወርዳል። ፋብሪካው ውሃ የሚያንከባልል ማከሚያ ስለነከረው ነው። ይህ ማከሚያ በጊዜ ብዛት ይለቃል። ያን ጊዜ ውሃው ይሰራጫል፣ ጨርቁ ይጠቁራል፣ ይከብዳል። ገበሩ አሁንም ዝናቡን ይይዘዋል። ነገር ግን ውጭው ውሃ ስለጠጣ ላቡ መውጣት ያቅተዋል፣ እግርም ይቀዘቅዛል። ጫማው በለብ ያለ ውሃ ታጥቦ ለዚሁ ተብሎ በሚሸጥ ስፕሬይ ሲነፋ ነገሩ ይስተካከላል። ቤታችሁ ያለ ጎርቴክስ ጫማ ካለ መጀመሪያ የእቃ ማጠቢያው ላይ ጥቂት ውሃ አፍስሱበትና እዩት። አዲስ መግዛት ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

ከሁሉም በላይ መታወቅ ያለበት ድክመቱ ግን ሌላ ነው። ውሃ የማያስገባ ጫማ ውሃ ከገባበት አያስወጣም። እንደ እንስራ ይዞት ያድራል። ቤታችሁ ቢሆን ችግር የለውም፣ ሌላ ጫማ ታደርጋላችሁ። የመርከብ ክፍል ግን ጠባብ ነው። ማሞቂያና ካውያ ይዞ መግባት በአብዛኛው የተከለከለ ነው። መርከቡ በማግስቱ ጠዋት ሌላ ከተማ ይደርሳል፣ ጫማው ግን ገና እርጥብ ነው። እንዲህ ሲያጋጥም የውስጡን ንጣፍ አውጡ፣ ማሰሪያውን እስከ ታች ፍቱ፣ ጋዜጣ ወይም የመታጠቢያ ቤት ሶፍት ጠቅጥቁበት። ወረቀቱን በየሁለት ሰዓቱ ቀይሩት። ፀጉር ማድረቂያ ካለ በቀዝቃዛው አየር ንፉበት፣ በጣም ሞቃት አየር የጫማውን ሙጫ ያላቅቀዋል። እኔ ግን ሁለት ጥንድ መያዝን እመርጣለሁ። አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይሠራል።

የአገሩ ሰዎችስ? ዓሣ አጥማጁም ባለሱቁም ኤክስትራታፍ የሚባል ቡናማ የጎማ ቦት ያደርጋሉ። «የአላስካ ስኒከር» ይሉታል። ውሃን በመከላከል ከሱ የሚበልጥ የለም። ጀልባ ላይ ለሚውል ሰው ትክክለኛው ጫማ እሱ ነው። ለቱሪስት ግን አልመክረውም። ጎማ ላብ አያስወጣም፣ ረጅም መንገድ ሲሄዱበት እግርን አይደግፍም፣ ሻንጣም ይሞላል።

ስለ ካልሲ አጭር ነገር ልበል፦ ጥጥ ተዉት። ከረጠበ ቀዝቅዞ ይቀራል። የሜሪኖ ሱፍ የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ይዞ እንኳ እግርን ያሞቃል። ጫማውን ስትለኩ ይህንኑ ወፍራም ካልሲ አድርጋችሁ ለኩት። ሰዓቱም ከሰዓት በኋላ ይሁን፣ እግር ያን ጊዜ ትንሽ ያብጣልና። ጠባብ ጫማ ውስጥ የገባ ወፍራም ካልሲ ደም ስለሚያፍን እግሩን ያቀዘቅዘዋል። ይህ በተለይ መርከቡ ግላሲየር ቤይ ሲገባ ይታወቃል። እዚያ ትልልቅ መርከቦች አይቆሙም። ሰው የበረዶውን ግግር ለማየት ሰገነቱ ላይ ለሰዓታት ይቆማል፣ ቅዝቃዜውም ከወለሉ በሶሉ በኩል ይመጣል። ቆሞ ማየት ከመራመድ ይበልጥ እግር ያቀዘቅዛል።

አሁን ለእኔ ከገበሩም የሚበልጥብኝን ላንሳ፦ ሶሉን። የረጠበ ካልሲ ቀን ያበላሻል። መውደቅ ግን በተለይ ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን ከዚያ የከፋ ነው። ከመርከቡ የምትወርዱበት መሸጋገሪያ ብረት ነው፣ ዝናብ ሲነካው ያዳልጣል። በዚያ አካባቢ የባሕሩ ውሃ በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ሜትር ከፍና ዝቅ ይላል። ስለዚህ ጠዋት ለጥ ያለ የነበረው መሸጋገሪያ ከሰዓት በኋላ ቁልቁለት ሆኖ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ኬቺካን ውስጥ ክሪክ ስትሪት የሚባለው ዝነኛ ቦታ ከወንዙ በላይ በእንጨት ምሰሶ የቆመ ነው። የምትራመዱት እርጥብ ጣውላ ላይ ነው።

ሰው ጥርሱ ትልልቅ የሆነ ሶል አይቶ «ይሄ አያንሸራትትም» ይላል። ትልልቅ ጥርስ ለጭቃ ነው። ለስላሳ እርጥብ ብረት ላይ የሚይዘው ለስለስ ያለ ጎማና ቀጫጭን ስንጥቅ ነው። ስንጥቆቹ ከሶሉ ሥር ያለውን ውሃ ያወጡታል። ፖል ስፔሪ የተባለ አሜሪካዊ በ1935 የጀልባ ጫማ የሠራው ይህን ተረድቶ ነው። ውሻው በረዶ ላይ ሳይንሸራተት ሲሮጥ አየ። የውሻውን መዳፍ ሲመለከት ቀጫጭን መስመሮች አገኘበት፣ ያንኑ የጎማ ሶል ላይ ቀረጸ። መደብር ውስጥ ሶሉን በአውራ ጣት ጥፍራችሁ ጫን አድርጉት። ትንሽ ከገባላችሁ ጥሩ ነው። እንደ ፕላስቲክ ከጠነከረ ተዉት።

አባባ የለመዱትን ባለ ቆዳ ሶል ጫማ ይዘው ከመጡ ለእራት ሰዓት ይሁንላቸው። መርከቡ ውስጥ ምንጣፍ አለ፣ ለአለባበስ ጠንቀቅ የሚባልባቸው ምሽቶችም አሉ። ወደ ሰገነቱ ሲወጡ ግን ይቀይሩ። እማማም ነጠላ ጫማቸውን ለክፍል ውስጥ ይያዙት። ለዝናቡ ደግሞ ተጎንብሶ ማሰር ለሚያስቸግራቸው ሰዎች በመሳቢያ የሚጠብቅ ማሰሪያ ያለው ቀላል የጎርቴክስ ጫማ አለ። ለአረጋውያን ከሁሉም የሚመቸው እሱ ይመስለኛል። የበረዶ ግግር ላይ በሄሊኮፕተር ለመውረድ ካሰባችሁ ጫማችሁ ላይ የሚደረብ ልዩ ቦት ብዙ ጊዜ አስጎብኚዎቹ ይሰጣሉ። ለዚያ ብላችሁ ከባድ የተራራ ጫማ አትሸከሙ።

ቁም ሣጥን ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ የእግር ጉዞ ጫማ ያላችሁ ደግሞ ሶሉን ሳታዩ አትሂዱ። ብዙ ጫማዎች ከጎማው በላይ ያለው ስፖንጅ መሰል ክፍላቸው ከፖሊዩሬቴን የተሠራ ነው። ይህ ነገር ሳይደረግ ሲቀመጥም ከአየሩ እርጥበት የተነሳ ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል። ከውጭ ሲያዩት አዲስ ይመስላል። መንገድ ላይ ሶሉ በአንድ ጊዜ ተገንጥሎ ይቀራል። ስፖንጁን በጣት ጫን በሉት፣ ስንጥቅ ካለው ወይም ከፈረፈረ አይሆንም። ደህና ከሆነም ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት አውጡትና ዝናብ በጣለ ቀን ግማሽ ቀን ተራመዱበት።